ሽመሌን የጣልሁበት ቀን

እኔ ነገር ቶሎ የሚፈላብኝ ሰው ነኝ። ባሌ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ሳትቀር ታውቃለች። ስለዚህ በከተማችን የሴቶች ሻምላ ቡድን ሊቋቋም ነው ሲባል ቀድሜ የተመዘገብሁት እኔ መሆኔ ማንንም አልገረመም። ሻምላ በአንድ እጅ ጋሻ፣ በሌላው ሽመል ይዞ እየመከቱ መማታት ነው። ዱሮ የወንድ ጨዋታ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ትከሻ ወይም ጎን የነካች ነጥብ ታገኛለች፣ ሽመሏን የጣለች ግን የቱንም ያህል ስትመራ ብትቆይ ተሸነፈች። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ ፖሊስ ነበሩ፤ “ሽመላችሁን ከምትጥሉ ጥርሳችሁን ጣሉ!” እያሉ ይጮኹብን ነበር።

ዘመኑ አንድ ለአምስት ተደራጁ እየተባልን ከስብሰባ ስብሰባ የምንንከራተትበት የኢሕአዴግ ዘመን ነው። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ቀኑን ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስተይብ ውዬ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሽመሌን ይዤ ወደ ኳስ ሜዳው እበራለሁ። ለአለቃዬ ያልመለስሁለትን መልስ ሁሉ እዚያ ጋሻ ላይ አራግፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቴ ስገባ ከኔ የተሻለ ጨዋ ሰው አልነበረም።

መሥሪያ ቤት ሻይ የምታፈላልን ሴት በጡት ካንሰር የሞተችብን በዚያው ዓመት ነው። ሕመሟን ደብቃው ኖራ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ከቀብሯ ስንመለስ አንዷ የቡድናችን ልጅ “ለምን በስሟ ውድድር አናዘጋጅም?” አለች። ከቡሬና ከጅጋም ሴቶች ይጋበዙ፣ መግቢያ ይከፈል፣ የሚገኘው ገንዘብ ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚላኩ ሴቶች መሳፈሪያና ማረፊያ ይሁን ተባለ። ከሜዳው ዳር ደግሞ ድንኳን ተተክሎ አንዲት ሲስተር የመጣችውን ሴት ሁሉ በነጻ እንድትመረምር ተስማማን።

ይህ ሁሉ ሲዘጋጅ እኔ በልቤ የማስበው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነበር። ስለ እናቴ።

እናቴ የምትኖረው ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ነው። ለፋሲካ ሄጄ ጀርባዋን ሳጥባት ቀኝ ክንዷን አላነሣ አለች። በብብቷ ሥር እጄን ብሰድ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር ዳሰስሁ።

“እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ምን ይሆናል፣ ምች ነው።”

“ጡትሽንስ ያምሻል?”

“ኧረ አፍሽን ያዢ! ሰባት ልጅ ያጠባሁበት ጡት ምን ይሆናል?” እጄን መታ አድርጋ ቀሚሷን ሳበች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ “ጡት ለልጅ ነው እንጂ ለሐኪም አይወጣም፤ ሞቼ ነው ቆሜ!” ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሻይ ታፈላልን የነበረችው ሴት ፊት ዐይኔ ላይ ድቅን አለ። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስሁባት፤ እናቴ ወይ ፍንክች።

ለራሷ እንዲህ ትሁን እንጂ ለሰው ጠብ እንደሷ የሚደርስ አልነበረም። በእኛ ቀዬ ወንዶች በድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ እናት የሆነች ሴት ነጠላዋን መሐላቸው ትዘረጋለች፤ ነገሩ ከጠና ጡቷን አውጥታ “በጠባችሁት ጡት!” ትላለች። ያን አልፎ የተማታ የእናቱን ጡት እንደ ረገጠ ይቆጠርበታል፤ ስለዚህ ዱላውን ይጥላል። የጣለ ሰው ደግሞ የለመነችውን ሴት አንድ ነገር ይጠይቃል፣ እሷም እምቢ ማለት አይሆንላትም። እናቴ በዚህ የታወቀች ነበረች። አንዱ ጎረምሳማ ዱላውን ጥሎ የጠየቃት ጠላ ነበር፤ ሦስት ቀን እየተመላለሰ ጠጣባት።

ለውድድሩ ቀን “የሴቶች በዓል አለ፣ ነይ” ብዬ አስጠራኋት። እኔ እንደምጫወት ግን ትንፍሽ አላልሁም፤ ሴት ልጇ በአደባባይ ዱላ ስትማታ ማየት ቀርቶ መስማትም አትወድም። ጠዋት ከመናኸሪያ ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ወሰድኋት። ሲስተሯ ወጥታ፣ “እማማ፣ ይግቡ እስቲ፤ እኔና እርስዎ ብቻ ነን” አለቻት በትሕትና።

“እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ” አለችና ወደኔ ዞረች። “ለዚህ ነው የጠራሽኝ? በዓል ብለሽ?”

“አዎ፣ ለዚህ ነው!” ፈላብኝ እንግዲህ። “እኔ ለቀብርሽ ከምጠራ አንቺን ለምርመራ ብጠራሽ ይሻለኛል!”

ተቀየመችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔም ጥርሴን ነክሼ ልብሴን ልቀይር ገባሁ።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ግማሹ ለበጎ ሥራው፣ ግማሹ ሴት ሴትን ስትመታ ለማየት ነው የመጣው፤ እኛ ምን ቸገረን፣ ሁለቱም ከፍለው ገብተዋል። በእናቴ የተናደድሁትን በተጋጣሚዎቼ እየተወጣሁ ለፍጻሜ ደረስሁ። የደረሰችኝ ከቡሬ የመጣች ቅቤ ነጋዴ ናት። ክንዷ! አበስኩ ገበርኩ! ግራኝ ስለሆነች ደግሞ ሽመሏ በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም። አራት ለአራት ሆነን፣ አንድ ነጥብ ያገኘች ልታሸንፍ፣ ሽመሏ ከጋሻዬ ጫፍ ሸርተት ብሎ ቅንድቤን ጫረኝ። ደም ፊቴ ላይ ወረደ። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ አልተውም ብዬ ቀጠልሁ፤ ሕዝቡም በጩኸት አበደ።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው በዚያች ሰዓት ነው። ያየችውም ይህን ነው፤ ልጇ ፊቷ ደም በደም ሆኗል፣ አንዲት ግዙፍ ሴት በዱላ ታሳድዳታለች፣ ከተማው ሁሉ ከብቦ ያጨበጭባል፣ የሚገላግል የለም። በኋላ ስትነግረኝ፣ “የከተማ ሰው ምን ዓይነት አውሬ ነው አልሁ በሆዴ” አለችኝ።

ነጠላዋ መሐላችን ሲወድቅ ነው ያወቅኋት። “በጡቴ! ልጄ፣ በጠባሽው ጡት! አንቺም የሰው ልጅ፣ እናትሽ ባጠባችሽ!” እያለች መሐላችን ገባች። በቀሚሷ አንገት በኩል ቀኝ ጡቷን አውጥታ ይዛለች።

ቅቤ ነጋዴዋም የገጠር ልጅ ናትና ሽመሏን ወዲያው ዝቅ አደረገች። እኔ ግን ዐይኔ ጡቷ ላይ ነበር። ቆዳው ተጨማድዷል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ቀና ስል ሲስተሯ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማለች፤ እሷም አይታለች።

አሰልጣኛችን እየሮጡ መጡ። “ኧረ እናቴ፣ ጨዋታ ነው! ለበጎ ሥራ የሚደረግ ጨዋታ!” ሲሉ ከሕዝቡ መሐል ሳቅ ተነሣ። እናቴ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ነገሩ ገባት፤ ፊቷ ደም መሰለና ጡቷን መሸፈን ጀመረች። አሁን አፍራ ከሄደች በሕይወቷ የሐኪም ደጅ እንደማትረግጥ አወቅሁ።

“እማ፣ ዱላሽን ጣይ ብለሽ ለምነሽኛል አይደል?”

“ተይው ልጄ፣ ጨዋታ ነው አሉኝ እኮ።”

“ጨዋታም ይሁን ምን፣ በጡትሽ ለምነሽኛል።”

“እንዳትጥዪ!” ጮኹ አሰልጣኙ። “አንድ ነጥብ ነው የቀረሽ! እንዳትጥዪ አንቺ ልጅ!”

ሽመሌን እግሯ ሥር ጣልሁት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ አለቀ፣ ተሸነፍሁ። እስከ ዛሬ ካሸነፍሁት ሁሉ ያን ሽንፈት እወደዋለሁ።

“አሁን የኔ ተራ ነው” አልኋት። “የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግቢ።”

“በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?”

“በሰው ፊት ለምነሻል፣ በሰው ፊት እሺ በይ። ደግሞ ለአንዲት ሲስተር አላሳይም ብለሽ ለፍኖተ ሰላም ሕዝብ አሳይተሽ አረፍሽው!”

ሕዝቡን አየች፣ ድንኳኑን አየች። በመጨረሻ፣ “አይ አንቺ ተንኮለኛ” አለችና ነጠላዋን ከመሬት አነሣች። እኔ በአንድ በኩል፣ ቅቤ ነጋዴዋ በሌላ በኩል ይዘናት ወደ ድንኳኑ ሄድን። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በዚያ ቀን በተገኘው ገንዘብ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሄደችው እናቴ ሆነች። ሐኪሞቹ ገና በጊዜው ነው አሉ። ቀኝ ጡቷ ተቆረጠ፣ መድኃኒቱም ፀጉሯን አረገፈው፤ እሷ ግን ተመለሰች። አሰልጣኜ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኝ ከረሙ። ቅቤ ነጋዴዋ ደግሞ የተሸለመችውን በግ እየጎተተች ገጠር ድረስ መጥታ፣ “ያሸነፍሁት በእርስዎ ነው” አለቻት። እናቴም፣ “ያን ቀን ልረግምሽ ምን ቀረኝ ልጄ!” እያለች እንደ ገዛ ልጇ አቀፈቻት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ እናቴን ልጠይቅ በሄድሁበት ወንድሜና ጎረቤታችን በድንበር ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። እናቴ እንደ ልማዷ ሮጣ መሐላቸው ገባች። እጇም እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሄደ። ባዶ ነው። ለአፍታ ቆመችና ወደ ግራ አዛወረችው።

“በቀረችኝ!” አለች። “በዚህች በቀረችኝ!”

ሁለቱም ዱላቸውን ጣሉ። ወንድሜ ፊቱን አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር። ጎረቤታችን መሬት መሬት እያየ፣ “እንግዲህ ጥያለሁ፤ የምጠይቅዎት አለኝ” አላት።

“ጠይቅ።”

“ሚስቴን ጡቷን ካመማት ከረመ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብላት እምቢ አለችኝ። እርስዎ ይውሰዱልኝ።”

እናቴ ወደኔ ዞረች። “ያቺ ሲስተር ዛሬም አለች?”

“አለች፣ እማ።”

በማግስቱ ጠዋት ከቡሬ በሚነሣው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ነበር። የጎረቤታችን ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። እናቴ እጇን ያዘችላት።

“አትፍሪ” አለቻት፤ “የሲስተሯ እጅ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ልጅቱስ ደግ ናት።”