ካሜልን ገመል ብዬ ሳነብ

ዛሬ ነገሌ መግቢያ ላይ ባጃጃችን ግመሎች እስኪያልፉ ቆመ፤ የአቧራና የግመል ሽታ ገባብን።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለነበር አራተኛ ክፍል ስገባ ከሁሉም በዕድሜ እበልጥ ነበር። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን «ካሜል» ተነሥቼ «ገመል» ብዬ አነበብኩት።

«አካም፣ እማማ ግመል!» አለኝ ከኋላ አንዱ፣ በኦሮምኛ ሰላም የሚለኝ መስሎ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሁለተኛ ላልመለስ ደብተሬን ሰበሰብኩ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው መምህራችን። ወደ ልጆቹ ዞረው፣ «እንግሊዙ ቃሉን ከሮማው፣ ሮማው ከግሪኩ፣ ግሪኩ ደግሞ ከግዕዝ ዘመድ ቋንቋዎች ነው የተዋሰው። ግዕዙ ራሱ ገመል ይላል። ይቺ ልጅ እናንተን ቀድማ ከምንጩ ደርሳለች» አሉ።

ኋላ መዝገበ ቃላት አገላብጬ አይቻለሁ፤ አንድም አልተሳሳቱም። ያን ዕለት ሳቁ ቆመ ማለት አልችልም። እኔ ግን ተቀመጥኩ።