በሲስተር ጥሩወርቅ ልክ የተቆረጠ ልብስ

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲስተር ጥሩወርቅ አዳማ በሚገኘው ቤታቸው፣ በተኙበት አረፉ። ሐኪሙ ምክንያቱ በአንጎላቸው ውስጥ የፈሰሰ ደም መሆኑን ተናግሯል። ብስክሌታቸው ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ገና ከቀብሩ በፊት ሌላ ወሬ ከተማውን ስላዳረሰ ነው። «ያቺ ወፍራም ነርስ ከብስክሌት ወድቃ ሞተች» ይባላል። ልጃቸውን ሐናን፣ ሐኪሙንና መጀመሪያ የደረሱትን ጎረቤት ለየብቻ ጠይቄያለሁ። አልወደቁም።

ሲስተር ጎረቤቴ ነበሩ። በጤና ጣቢያው የሰፈራችንን ልጆች ከትበው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ከክትባት የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ ይሄዱ ነበር። ጉልበታቸው የእግር መንገድ ሲከለክላቸው ብስክሌት ገዙ። በባጃጅ ተራው ሲያልፉ ሾፌሮቹ ሊተርቧቸው ይጠብቋቸው ነበር።

«ሲስተር፣ ጎማው አለቀሰ እኮ!»

«አንተስ ስወጋህ አልቅሰህ የለ? ይለምደዋል» ይሉና ያልፋሉ።

ከስድቡ ይልቅ ያስቸገራቸው ልብስ ነበር። ቀሚሳቸው ሰንሰለት ውስጥ ይገባል፤ ሱሪው ኮርቻው ላይ ይቀደዳል። ሰልባጅ ተራውን ፈተሹ። ከዚያ አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ሻጩ አንድ የብስክሌት ሹራብ አውጥቶ፣ «ሦስት ኤክስ ነው እማማ፣ ከዚህ በላይ አይመጣም» አላቸው። «ልጄ፣ ሦስቱም ተባብረው አንድ ክንዴን አላስገቡም» ብለው መለሱለት። ሲነግሩን እየሳቁ ነበር። ሐና ግን ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ እስከ ሞጆ አንድ ቃል እንዳልተናገሩ ነግራኛለች።

በመጨረሻ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከድር እሰፋለሁ አለ። የሚለጠጥ ብርቱካናማ ጨርቅ አንድ ጥቅል ነበረው። የመጀመሪያው ሹራብ ወንጂ መንገድ ላይ ከጀርባው ተተረተረ። ስህተቱ ምን እንደነበር ሲስተር ደረሱበት፤ ከድር ለቀሚስ እንደሚለካው ሁሉ ቆመው ነበር የለካቸው። በማግስቱ ብስክሌታቸውን እየገፉ ሱቁ ውስጥ ይዘውት ገቡ፤ ወጡበትና መሪውን ይዘው አጎነበሱ።

«ሰው ቆሞ አይነዳም፣ ከድር። እንዲህ እንዳለሁ ለካኝ።»

ሜትሩን የከድር ባለቤት ያዘች፤ እሱ ጻፈ። ሁለተኛው ልብስ ልክ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አራት ሴቶች ተከተሏቸው፤ ሁሉም ገላቸው ሞላ ያለ፣ ሁሉም በልብስ ምክንያት ቤት የቀሩ። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ሱቅ ብስክሌት ላይ አጎንብሰው ለመለካት አፈሩ። «በእኔ ልክ ቁረጥላቸው» አሉት ሲስተር። «የሰፋ ይጠባል። የጠበበ ግን ሰው ቤት ያስቀራል።» ከድር ከዚያው ጥቅል፣ በዚያው ልክ ቆረጠ።

ሲስተር ሲያርፉ ሴቶቹ መንዳት አቆሙ። ከአራቱ አንዷ የሆነችው የዘይነባ ባል፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ጀማል፣ «እሷን ያየ ይበቃዋል። ነገ አንቺን ከአስፋልት ላንሳ?» አላት። በሌሎቹም ቤት ከዚህ የተለየ አልተባለም።

ከሰባት ቀን በኋላ በወንጂ መውጫ መጋዘን የሚጠብቁት ኦቦ ቶሎሳ መኪናዬን አስቆሙ።

«ያ ዋቃ! ሲስተር ዛሬም አለፉ።»

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ሲስተርን ቀብረናል እኮ።»

«መቅበሩንማ እኔም ቀብሬያለሁ። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እዚያው ቆምኩ። ከሸንኮራ ማሳው የሚነሳው ጭጋግ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። የጎማ ድምፅ ሰማሁ፤ ብርቱካናማ ጀርባ አለፈኝ። ትከሻው የሲስተር ነው፤ የወገቡ ስፌት የሲስተር ነው፤ ሹራቡ ከኋላ ዝቅ ያለው እሳቸው ላይ እንደነበረው ነው። ሠላሳ ዓመት በጋዜጠኝነት ሥራዬ ያየሁትን ሳላጣራ ተናግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን «ሲስተር!» ብዬ ተጣራሁ።

ብስክሌቱ ቆመ። ፊቷን ስታዞር ዘይነባ ናት። ባሏ ጭነት ይዞ ጅቡቲ ሄዷል።

«አይደንግጡ ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚህ ይሆናል። እኔም ስለብሰው ትከሻዬን የያዙኝ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን በልክሽ አታስጠብቢውም?»

ጨርቁን በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገች። ብዙ ትርፍ ነበረው።

«ከጠበበ እሳቸው ይወጡብኛል።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እውነት አልወደቁም? አላህ ያክብርዎት፣ ለጀማል ይንገሩልኝ። እኔን አያምነኝም» አለች።

ጀማል ሲመለስ ከሐና ጋር ቤቱ ሄድን። ሐኪሙ ያለውን፣ ብስክሌቱ የት እንደነበር ነገርነው።

«አልጋ ላይ ነው ያረፉት?» አለ።

«አልጋ ላይ ነው» አለች ሐና።

ወደ ሚስቱ ዞረ። «እንግዲህ ብስክሌቱን ከከለከልኩሽ አልጋውንም መሸጥ አለብኝ።» ዘይነባ ሳቀች፤ ሐና አለቀሰች። ጀማል የጎማ ፓምፑን ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሲስተር ጥሩወርቅ፣ የወንጂ መንገድ ላይ ያ ጀርባ ፊቴ ሲመጣ እስካሁን መኪናዬን አቀዘቅዛለሁ። እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም አቀዘቅዛለሁ፤ ሳልፍም ፊቱን ለማየት አልዞርም። በሕይወት ሳሉ ልብሱ ሁሉ ጠበብዎት፤ ያረፉበት ስፍራ አይጥበብዎት። ስለ እርስዎ የሚወራውን በደረስኩበት ሁሉ አርማለሁ፤ ከእኔ የሚጠበቀው እሱ ነው። ደህና ይሁኑ።

ወሬው በየቤታቸው ከታረመ በኋላ፣ እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራቱም ሴቶች ወደ ወንጂ ወጡ። ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተመልሰዋል።