ካሜራዋን በጨረቃ ስሞክራት

እናንተ ልጆች፣ አርፋችሁ ተቀመጡ፣ አትቁነጥነጡ! አንቺ የእህቴ ልጅ፣ በስልክ እንደምነግርሽ አድርገሽ ጻፊው።

ጨረቃና ኮከብ የማነሳበት ካሜራ ልገዛ ብዬ እዚሁ ሳውዲ፣ የመን ድንበር አጠገብ አንድ ሱቅ ገባሁ። ዓይኔ ትልቁ ላይ ቀረ። ባለሱቁ ግን፣ "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የሱ ሌንስ ለብቻው ነው የሚገዛው። ለጀማሪ ይቺ አፍንጫዋ ተመዞ ሩቁን የምታቀርበው ትበቃሻለች። ያላ፣ ውጪና ሞክሪያት" አለኝ።

ወጣሁ። ጨረቃዋ ሙሉ ሆና በየመን ተራራ በኩል ብቅ ብላለች። ካሜራዋን ወደዚያው ስደግን የወታደር መኪና አጠገቤ ቆመ! የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ደግሞ አሠሪዬ ማዳም ጋ ነው። ኸላስ፣ አበቃ፣ ዛሬ በተርሒል ተባርሬ አገሬ ገባሁ አልኩ።

"ድንበሩን ነው የምታነሺው?" አለኝ ወታደሩ።

"ወላሂ ጨረቃዋን ነው!" ብዬ ካሜራዋን ሰጠሁት።

በካሜራዋ ጨረቃዋን አየ። ከዚያ፣ "ይሄ ሁሉ ጉድጓድ አላት እንዴ?" ብሎ ጓደኛውን ጠራ። እየተሻሙ ሲያነሱ እኔን ረሱኝ። "ልሂድ?" ብዬ ስጠይቀው ወታደሩ፣ "ሂጂ፣ ሂጂ" ብሎኝ ሱቅ ገባና ካሜራዋን ገዝቷት ወጣ! ከዓይነቷ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ይውሰዳት! ከተርሒል ተርፌ ለካሜራ ላለቅስ ነው? አልሐምዱሊላህ!

ባለሱቁ ታዲያ በሳቅ እየፈረሰ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ያ ኡኽቲ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባልኝ እደውልልሻለሁ፣ መጥተሽ ሱቄ በር ላይ ጨረቃ ታነሺና ገዢ ታመጪ..." አቤት ማዳም! መጣሁ!