ምግብ ያጣችው ጠርሙስ

ኦትማር ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን በጀርመን አገር ማይን ወንዝ ዳር ካለችው መንደሩ ርቆ አልኖረም። የሚጠምቀው ሲልቫነር የሚባለውን ነጭ ወይን ነው፤ ስኳር የማይቀመስበት፣ ድርቅ ያለ። ጣፋጭ ወይን የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣበት፣ «ፋርማሲው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ የሳል ሽሮፕ አያጣም» ይለዋል። በዚህ ጠባዩ ስንቱን ደንበኛ እንዳባረረ አብራው የምትኖረው እህቱ ጉንዲ ታውቃለች።

ሚስቱ ራይንሂልድ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በመጨረሻው መከር አብራው ለቅማ፣ አብራው ጨምቃ፣ ወይኑ በርሜል ውስጥ እያለ ሞተች። ከዚያ ወይን አንዲት ጠርሙስ ቀርታ ነበር። ኦትማር ከሚመጥናት ምግብ ጋር ሊጠጣት ለራሱ ቃል ገባ። የሚመጥናት ምግብ ግን ጠፋ። በግንቦት አስፓራገስ የሚባለው ነጭ አትክልት በቅቤ ሲቀርብ፣ «ይሄማ ለስላሳ ነው፣ ወይኑ ይውጠዋል» አለ። በገና ሰሞን የኩሬ ዓሣ ተጠብሶ ሲመጣ ዘይት በዛበት። የፍየሉ አይብ ደግሞ ጨው በዛበት። ለሴት ልጁ ባል የሚመርጥ አባት እንኳ እንደዚያ አያማርጥም። እውነቱን ለመናገር፣ ከተከፈተች ታልቃለች ብሎ ፈርቶ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሽንኩርትና የአቼቶ ሽታ ከደጅ ተቀበለው። ጉንዲ ቋሊማ በአቼቶና በወይን እየቀቀለች ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሆደ ሰፊ ጠርሙስ ከግማሽ በታች ጎድላ ቆማለች። ኦትማር ለምልክት አንገቷ ላይ ያሰረው ሰማያዊ ክር ተበጥሶ አጠገቧ ወድቋል።

«ጉንዲ፣ ይህችን ከየት አመጣሻት?»

«ከምድር ቤት ነዋ! ወረቀት አልተለጠፈባት፣ ምን አልተለጠፈባት፤ ጥግ ላይ አቧራ ለብሳ አገኘኋት። ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

«የራይንሂልድ ወይን ናት። የመጨረሻዋ።»

ጉንዲ ማንኪያውን አስቀመጠች። «በሞትኩት! ምነው ወንድሜ፣ ምናለ ብትነግረኝ?»

ለማንም ነግሮ አያውቅም። ድስቱን አንስቶ በመስኮት ሊወረውር ቃጣውና ተወው። ተቀምጦ ከጠርሙሱ የቀረውን ቀዳ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ።

«እንዴት ነው?» አለች ጉንዲ በፍርሃት።

«ጊዜው አልፎበታል። ውሃ ውሃ ይላል።» ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። «ከአራት አምስት ዓመት በፊት መጠጣት ነበረበት። ወይን ጠማቂ ነኝ እላለሁ፣ ስጠብቅ ስጠብቅ ገደልኩት።»

ኀዘኑ እንደ አዲስ መጣበት፤ ይበልጥ ያቃጠለው ግን ያለፈው አስፓራገስ ሁሉ፣ ያለፈው ዓሣ ሁሉ ነው። ጉንዲ ከድስቱ ጨልፋ አቀረበችለት። ቋሊማውን ሳይነካ መረቁን በማንኪያ ቀመሰ። ደገመ። ወይኑ በሽንኩርቱና በአቼቶው ውስጥ ጉልበት አግኝቶ ይሁን ወይም ለእሱ መስሎት፣ ሳህኑን አዘንብሎ ጠጣው።

«ጨምሪልኝ። ደግሞ ውረጂና ከአምናው ወይን ጥሩውን አምጪ፤ ለፋሲካ ያስቀመጥነውን።»

«ለፋሲካ ነው ብለህ አልነበር? ምግብ ሳትመርጥለት?»

«ከዚሁ ከቋሊማው ጋር። ብርጭቆሽንም ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንቀመጥ። ካንቺ ጋር ለመጠጣትም ቀን ስመርጥ ጊዜው እንዳያልፍብኝ።»