ገመድ የሚያስወርደው ሣጥን

ይታገሱን በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በስሙ የሚጠሩት እናቱና የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ከፋይ ብቻ ነበሩ። ለገበሬው ሁሉ «ኮርማው» ነው። ሥራው ላም ማዳቀል ነበር። የፈረንጅ ኮርማ ዘር ከበረዶ በሚብስ ቀዝቃዛ ገንቦ ውስጥ ይዞ፣ ገንቦውን ከሞተር ሳይክሉ ኋላ በላስቲክ ጠፍሮ፣ ኮርማ የፈለገች ላም አለች ወደተባለበት መንደር ይከንፋል። ልጆች «ኮርማው መጣ!» እያሉ ሲሮጡ መጀመሪያ ሰሞን አንገቱን ይደፋ ነበር። በኋላ ግን ለመደውና ጡሩንባውን እየነፋ መግባት ጀመረ።

የዚህ ሥራ ጠላት አንድ ነው፤ መዘግየት። ላም ጠዋት ኮርማ ከፈለገች ቀኑ ሳይመሽ መድረስ ያስፈልጋል። ካለፈ አለፈ፤ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ላም የቢሮ ሹም አይደለችም፣ «ነገ ተመለስ» አትልም።

ከከተማው ወደ ቡሬ መውጫ ላይ ደግሞ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ አያ እጅጉ። አያ እጅጉ ስድሳውን የተጠጉ፣ ወታደር ቤት የኖሩ፣ ገመዱን ካልያዙ እጃቸው የሚበርዳቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ አንድ ጮሌ እንደ ይታገሱ ባለ ገንቦ አረቄ ሲያሻግር ተይዞ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ገንቦውን ሳያስከፍቱ አያሳልፉም።

«አያ እጅጉ፣ ኧረ በእግዜር! ላም ትጠብቀኛለች።»

«ትጠብቅሃ! ሕግም ይጠብቅሃል። ክፈተው።»

ክዳኑ ሲነሣ ነጩ ጭስ ፊታቸውን ይገርፋቸዋል፤ ያስነጥሳሉ። አስነጥሰው ሲያበቁ «ይማርዎ» መባል አለባቸው። ከዚያ ሰላምታው አለ፤ የእናቱ ጤና፣ የአዝመራው ነገር፣ የዝናቡ ነገር። ገመዱ እስኪወርድ ድረስ ይታገሱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ነገሩ ሆዱን ያቃጠለው ግን በአንዲት ላም ምክንያት ነው። ከማንኩሳ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወርደው የሚኖሩት እትዬ ሀብትነሽ የክርስትና እናቱ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ያላቸው አንዲት ቦራ ላም ነበረች። ይታገሱ ቦራን ሁለት ጊዜ ለማዳቀል ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልያዘላትም። እትዬ ሀብትነሽ አልተቆጡትም። ይኸው ነው የባሰው።

«ልጄ፣ እኔስ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ» አሉት ጠላ እየቀዱለት። «ሦስተኛው ካልያዘላት ለፋሲካ ለቅርጫ እሰጣታለሁ። በምን ጭድ ልቀልባት?»

ይታገሱ ጠላውን ሳይቀምስ አስቀመጠ። ቦራ ለቅርጫ ሄደች ማለት ሴትዮዋ ባዶ በረት ሲያዩ ሊያረጁ ነው። የክርስትና ልጃቸው ደግሞ የመንደሩ ሁሉ ኮርማ ሆኖ ለእናቱ ላም ሳይሆን ቀረ ሊባል ነው።

በዚያው ሰሞን ለጥቂት ቀን ስልጠና ወደ አዳማ ተላከ። አዲሱ የፍጥነት መንገድ የተከፈተበት ዓመት ስለነበር ሰልጣኞቹን የጫነው መኪና ከክፍያው በር ሲደርስ ይታገሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አፈጠጠ። ሹፌሩ ሳቀበት።

«ይኼ ምን አለው! በውጭ አገር እኮ መስታወቱ ላይ ትንሽ ሣጥን ይለጥፉበታል። በሩ አጠገብ ሲደርስ ሣጥኑ ለበሩ ይናገራል፤ ማለፍህን ይመዘግባል። ማቆም የለ፣ ወረፋ የለ፣ ጭልጥ ነው።»

«ለሞተር ሳይክልስ?» አለ ይታገሱ።

«ሞተር መስታወት የለው! ከመሪው ላይ ያስሩለታላ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ላም ማሕፀን የተሰጠውን ትምህርት ይታገሱ አንዱንም አልሰማም።

ፍኖተ ሰላም እንደገባ በቀጥታ የሄደው ገበያው ውስጥ ሬዲዮ ከሚጠግነው ከጓደኛው ከጠሃ ዘንድ ነው። ጠሃ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«የውጭው ሣጥን ለበሩ ይናገራል። የአያ እጅጉ ገመድ ግን ጆሮ የለው። ያንተው ሣጥን ለማን ሊናገር ነው?»

«ለአያ እጅጉ ፍርሃት» አለ ይታገሱ።

ጠሃ እስኪያስለው ሳቀ። አሮጌ የሳሙና ማስቀመጫ አነሣ፤ ከተሰበረ ቴፕ ቀይ አምፖል ነቀለ፤ ከሕፃን መጫወቻ መኪና የምትጮኸውን አውጥቶ ባትሪ ገጠመላት። ከአውራ ጣት ሥር የምትጫን ቁልፍ አደረገላትና ከሞተሩ መሪ ላይ አሰራት። ስትጫን ቀይ ታበራለች፣ ቲው ቲው ትላለች።

«ስንት ልክፈልህ?»

«ወሬው ይበቃኛል» አለ ጠሃ።

ይታገሱ ይህን ቃል ቢያስብበት ኖሮ ያኔውኑ ገንዘብ ከፍሎ አፉን ባስዘጋው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በማግስቱ ከገመዱ ሲደርስ ይታገሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልፏን ተጫነ። ቲው ቲው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አያ እጅጉ።

«አዲስ መሣሪያ ነው፣ አያ። በኬላ ሳልፍ ማለፌን ራሱ ለበላይ አካል ይናገራል። ገመዱ ወርዶ ካገኘው ‹ይህ ኬላ ቀልጣፋ ነው› ይላል። ከቆምኩ ደግሞ ‹የመልካም አስተዳደር ችግር አለ› ብሎ ይናገራል።»

በዚያን ዘመን «የበላይ አካል» እና «የመልካም አስተዳደር ችግር» ተከታትለው ከተነሡ ኋላቸው ግምገማ እንዳለ ሕፃን ያውቃል። አያ እጅጉ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ቃኙት።

«ያያል?»

«አያይም፤ ይሰማል እንጂ።»

«ይሰማል!» አሉ አያ እጅጉ። ገመዱንም ለቀቁት።

ይታገሱ ያን ሳምንት ንጉሥ ነበር። ከሩቅ ቲው ቲው ሲያሰማ ገመዱ መሬት ይተኛል። ገንቦ አይከፈት፣ ማስነጠስ የለ፣ ሰላምታውም እጅ በማንሣት ያልቃል። ለጠሃ እየሄደ ይተርካል፤ ጠሃም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

በተከታዩ ሳምንት ግን ገመዱ ተወጥሮ ጠበቀው። አያ እጅጉ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ይታገሱን ዞር ብለውም አላዩት። ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ።

«አቤት ለበላይ አካል! አቤት ባይ እጅጉ ነኝ፣ የገመዱ ጠባቂ። የኬላው ጎጆ ጣራ ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ይታሰብልኝ። በበጋ ያልታሰበ ጣራ በክረምት አልጋ ላይ ነው የሚፈስ።»

ቀና ብለው ይታገሱን አዩት፤ ሣጥኑንም አዩት። ጠበቁ። ይታገሱ ምን ያድርግ? ቁልፏን ተጫነ። ቲው ቲው።

«ሰማ» አሉ አያ እጅጉ ደስ ብሏቸው፤ ገመዱንም አወረዱ።

ሹም ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት!» ማለት በዚህ አገር ከአባት የወረደ ነው። ሹሙ በመኪና መስታወቱን ዘግቶ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ አቤቱታው ሁሉ በሰው ሆድ ተከማችቶ ኖሯል። የሚሰማ ሣጥን በሞተር እያለፈ ነው ሲባል ወሬው ገጠሩን አዳረሰው። መጀመሪያ ማዳበሪያ ዘገየብን ያሉ ሁለት ገበሬዎች መጡ። ቀጥሎ የውኃ ፓምፗ የተሰበረባት እህተ ማርያም ጀሪካኗን እንደ ማስረጃ ይዛ መጣች። ከዚያ ድንበር የተገፉት ሽማግሌ ገብረ ሕይወት መጡ፤ እሳቸው ነገር ሲጀምሩ ከአያታቸው ነው የሚነሡት። ይታገሱ አንድ እግሩን መሬት ተክሎ ሁሉንም ያዳምጣል፤ በየመሐሉ ቲው ቲው ያደርጋል። እንዳይቆም ያሠራው ሣጥን ከቀድሞው ሦስት እጥፍ አቆመው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። እውነቱን እንዳይናገር አፈረም፣ ፈራም።

አንድ የመጋቢት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። የእትዬ ሀብትነሽ ድምፅ ነበር፤ ከጎረቤት ስልክ።

«ልጄ፣ ቦራ ከማለዳ ጀምራ ትጮሃለች። ስንደውል ውለን ኔትወርክ እምቢ አለን። ድረስልኝ።»

ሊደርስ የሚችለው አሁኑኑ ተነሥቶ ሳይቆም ከነዳ ብቻ ነው። ገንቦውን ጠፍሮ ተነሣ። መንገዱን በልቶ ከኬላው ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ከገመዱ ጀምሮ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሰው ተሰልፏል። ከፊት ሽማግሌው ገብረ ሕይወት ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ያን መሬት ሲያቀኑ…» ብለው ጀመሩ።

«ዛሬ አይሆንም!» አለ ይታገሱ። «ሣጥኑ ሞልቷል።»

«ግድ የለም፣ እስኪጎድል እንጠብቃለን» አለች እህተ ማርያም፤ ጀሪካኗንም አጋድማ ተቀመጠችበት።

ይታገሱ ወደ ፀሐይዋ አየ፤ ዘንበል ብላለች። ቦራ ታየችው። ከቦራ በላይ ያልተቆጡት የክርስትና እናቱ ፊት ታየው። ከሞተሩ ወረደ፣ ሣጥኑን ከመሪው ላይ ነቀለና ክዳኑን በሰው ሁሉ ፊት ፈለቀቀው።

«እዩት!» አለ ከፍ አድርጎ ይዞ። «የሳሙና ማስቀመጫ ነው! ይህች አምፖል ናት፣ ይህች ባትሪ ናት። ለማንም አይናገርም፣ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አያ እጅጉ እንዳያቆሙኝ ብዬ ያሠራሁት ነው። ዋሽቻችኋለሁ። ስመለስ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ አሁን ግን ልለፍ።»

ሰልፉ ወደ ሣጥኑ ተጠጋጋ። ይታገሱ ዱላው ከየት በኩል እንደሚመጣ ይጠብቅ ጀመር። አያ እጅጉ ቀረብ ብለው አምፖሏን በጣታቸው ነካ አደረጓት።

«ይችን ጠሃ ከኔው ቴፕ ነው የነቀላት» አሉ። «ሊጠግንልኝ ሰጥቼው። ያሠራሃት ቀን ማታ ነግሮኛል። ለኔም ለገበያውም።»

ከሰልፉ መሐል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ይታገሱ ጆሮው ጋለ።

«ታዲያ እያወቁ ለምን አቤት አሉኝ?»

«ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል» አሉ አያ እጅጉ። «ስንት ዘመን ጨመርንበት። አይበራ፣ አይጮህ። ያንተው ቢያንስ ቲው ይላል። አንተም ቆመህ ትሰማለህ። የእህተ ማርያም ፓምፕ የትኛው ጎኑ እንደተሰበረ ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«አያ፣ ላም ትጠብቀኛለች…»

«ይኸው ነው ያንተ ነገር! ዘላለም ላም ትጠብቅሃለች። የማን ላም?»

«የእትዬ ሀብትነሽ። ቦራ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ካልያዘላት ለፋሲካ ትታረዳለች።»

አያ እጅጉ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«የሀብትነሽ ቦራ! አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ቀን እንዲህ ብትለኝ ገመዱን በጥርሴ በበጠስኩት ነበር እኮ! ሰው ስም አለው! ላም፣ ላም ይለኛል እንጂ፤ እኔ የመንግሥት ላም መስላኝ!»

ሰልፉ ተበተነ። ሽማግሌው ገብረ ሕይወት አያታቸውን ለሌላ ቀን አቆዩአቸው። እህተ ማርያም ጀሪካኗን ወረወረችና ሞተሩን ከኋላ ገፋች፤ ሌሎቹም ገፉ። ሞተሩ ሳይነሣ በሰው ጉልበት ገመዱን አለፈ፣ ከገመዱ ወዲያ ተነሣ። ይታገሱ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ ነዳ። አቧራ ነው ይላል እስከ ዛሬ።

ከእትዬ ሀብትነሽ ደጅ ሲደርስ ቦራ ገና ትጮህ ነበር።

ለፋሲካ የቅርጫ ሰዎች መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ክረምት ሳይገባ አንድ እሑድ ይታገሱ ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ ወደ ኬላው መጣ፤ የጎጆዋን ጣራ ሲመታ ዋለ። ጠሃም ለምላሱ ቅጣት መሰላል ሲይዝለት ዋለ። አያ እጅጉ ከታች ሆነው ሚስማር ያቀብላሉ።

ለገና ሰሞን ቦራ ሴት ጥጃ ወለደች። እትዬ ሀብትነሽ እንገሩን አፍልተው በሣህን አድርገው ከድነው ለይታገሱ ሰጡት።

«ይህን ለገመዱ ሰው አድርስልኝ» አሉት፤ ዓይናቸው እንባ አዝሎ ይስቅ ነበር።

ከኬላው ሲደርስ ገመዱ ወርዶ ነበር። ይታገሱ ግን ቆመ። አያ እጅጉ እንገሩን ቆመው በሉ፤ ሣህኑን በጣታቸው ጠረጉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጠሃ ጠግኖ ወደ መሪው ወደመለሰው ሣጥንም ጎንበስ አሉ።

«ለበላይ አካል፣ አቤት ባይ እጅጉ ነኝ። ጣራውም ደርሶኛል፣ እንገሩም ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይታገሱ ቁልፏን ተጫነ። ቲው ቲው። ማርሽ ሊያስገባ ሲል የአያ እጅጉ እጅ መሪውን ያዘው።

«ደግሞም» አሉ ወደ ሣጥኑ ይበልጥ ቀርበው፣ «የጫማዬ ቁጥር አርባ ሁለት ነው።»