ግራ እጁ

የቦክስ አሰልጣኙ ለእናትየው ቁርጡን ነገራት። «እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ ግን ክንዷ ላይ ቡጢ የለም። እሱ ደግሞ ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው።» እናትየው አንገቷን ደፍታ አጠገቧ ከቆመችው ልጇ ጓንቱን ተቀብላ ወደ ቦርሳው ስትመልስ አንድ ሽማግሌ ገባ።

ሲያዩት ንፋስ የሚጥለው ይመስላል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ቀኝ እጁ ከኪሱ አይወጣም። ቦክሰኞች እጃቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ፋሻ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ግራ እጁን እያሽከረከረ፣ ጨቅላ እንደሚጠቀልል ሰው ቀስ ብሎ ጠመጠመው። ከዚያ ተረከዙን ከወለሉ አነሳና አንዴ መታ። ከጣሪያው የተንጠለጠለው የአሸዋ ከረጢት ታጥፎ ዘለለ፤ ሰንሰለቱ ጮኸ። ገመድ ይዘል የነበረው ገመዱን ጣለ፣ የሚስቀው ሳቁን ዋጠ። እናትየው አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ይኸው!» አለ አሰልጣኙ። «ይሄ ከእናት ሆድ እንጂ በስልጠና ይመጣል?»

ሰውየው ፈገግ ብሎ ቀኙን ከኪሱ አወጣው። ጣቶቹ ሟሽሸው ወደ መዳፉ ታጥፈዋል።

«ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁትስ ይሄንን ነበር» አለ። «የፋብሪካ ማሽን በላው።»

«ግራ እጅዎስ?» አለች እናትየው።

«እሱማ ምኑንም አያውቅ ነበር፣ ልጄ። መጀመሪያ ማንኪያ መያዝ ነው ያስተማርኩት። ስንት ሾርባ ደረቴ ላይ ደፍቷል መሰለሽ!» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ወደ ከረጢቱ ዞረ።

እናትየው የቦርሳውን ዚፕ መልሳ ከፈተችና ጓንቱን አወጣች።

«ነይ፣ እጅሽን አምጪ» አለቻት ልጇን።