ለአማቴ ያቀረብኩት አፈር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት በዋሉበት ሰሞን ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከዛሬ ብቻዬን ሆኜ እንኳ አፍራለሁ።

ባለቤቴ ለአንድ ወር ሥልጠና ሐዋሳ ሄደችና አዳማ ያለው ቤታችን ከነልጆቹ በእኔ እጅ ወደቀ። ሲፈን ሰባት ዓመቷ ነው፣ ናኦል አራት። እኔ እንቁላል መጥበስ እችላለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የባለቤቴ አባት ከደራ ደወሉ። ገበሬ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። «ቅዳሜ መጥቼ አያቸዋለሁ። ከከበደህ እናታቸው እስክትመለስ እዚህ አመጣቸዋለሁ» አሉኝ።

በደግነት ነው ያሉት፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ሁለት ልጅ መያዝ አቃተው ልባል ነው! ደግሞም ከሥራ ስገባ «አባዬ!» ብሎ የሚሮጥልኝ ሰው እንደማይኖር ሳስበው ሆዴ ባባ።

ስለዚህ አማቴን የማስደንቅበት ነገር ፈለግሁ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ጥሩ ሽሮ ይሠራ ነበር። እኔ ግን ስልኬ ላይ ያየሁትን፣ አፈር የሚመስል ጣፋጭ መረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ተያያዝነው። ሙዝ ደፍጥጠን በእርጎ ለወስንና አዲስ የአበባ መትከያ ውስጥ ጨመርነው። ቸኮሌት ብስኩት በሙቀጫ ወቅጠን ላዩ ላይ ነሰነስን። ትል የሚመስለው ከረሜላ ሰፈራችን ሱቅ ስለሌለ ፓስታ ቀቅለን በማርማላታ አሸነው፣ ከአፈሩ ብቅ ብቅ አደረግነው። መሀሉ ላይ በሶብላ ሰካን። ናኦል እስከ ጆሮው ብስኩት ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ አፈሩ ከግቢያችን አፈር ይበልጥ አፈር ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? ግን ሰይጣን ሹክ አለኝና ልጆቹን «ምን እንደሆነ ለአካኮ እንዳትነግሩ» አልኳቸው፤ አያታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ዕድሜ ልካቸውን አፈር ያረሱትን ሰው በአፈር አስደንግጬ ልስቅባቸው!

አማቴ መጡ፣ ልጆቹን ሳሙ፣ ታጥበው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ሲፈን ከነትሉ ዘገነችና «አካኮ፣ እኛ ነን የሠራነው! አፍዎን ይክፈቱ!» አለች።

ሳቄን አፍኜ ጠበቅሁ። እሳቸው አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱና ሳያላምጡ ዋጡት። ውሃ ጠጡበት። ከዚያም ብድግ አሉ።

«ልብሳቸውን ሰብስብ» አሉኝ። «አሁን ይዣቸው እሄዳለሁ።»

እኔም ብድግ አልኩ። «አባባ፣ ብስኩት ነው እኮ!»

«ልጆቹን አፈር እያበላህ ብስኩት ነው ትለኛለህ?»

ምን ላድርግ? በሁለት እጄ እየዘገንኩ ፊታቸው መብላት ጀመርኩ። ትሉ ከከንፈሬ ተንጠልጥሎ፣ ጢሜ ጭቃ መስሎ፣ «ይኸው! ይኸው!» እላለሁ። አማቴ ይባስ ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። አበደ ብለው ነው መሰለኝ።

ያዳነችኝ ሲፈን ናት። «አካኮ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብላ ሁለተኛውን ዘረጋችላቸው። አሁንም እንቢ አላሉም፤ ጎረሱ። ይህኛውን ግን ማላመጥ ጀመሩ። ቀስ ብለው ደግመው አላመጡት። ከዚያ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ጠየቅኋቸው። «አፈር ነው ብለው ካሰቡ ለምን ዋጡት?»

አማቴ በጥያቄዬ ተገረሙ። «ልጅቷ ናታ ያጎረሰችኝ» አሉ። «እያየችኝ ልትፋው?»

ልጆቹ ከእኔው ጋር ቀሩ። አማቴ ሲመለሱ ለባለቤቴ ደውለው «ሁለቱ ደህና ናቸው፤ የሚያሰጋው ሦስተኛው ልጅሽ ነው» ብለዋታል። ይህንንም ዘመድ ሁሉ ሰምቶታል፤ ይሁን፣ ይገባኛል።

እኔን የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቼ ዛሬም ያጎርሱኛል። እኔም ዛሬም፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ እጃቸው ላይ ያለው ምን እንደሆነ አያለሁ።